ፏፏቴው ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለ ጂም ጂም ጉዞ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከአውስትራሊያ አንባቢዎቻችን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ስፍራ ይጠይቃሉ፤ በሰሜናዊ ቴሪቶሪ፣ ከዳርዊን በስተ ምሥራቅ ስላለው የካካዱ ብሔራዊ ፓርክ። ፓርኩ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ቢኒንጅና ሙንጉይ የሚባሉት ነባር ባለርስቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው ያስተዳድሩታል። ጥያቄው የበዛው በሁለት ፏፏቴዎች ላይ ነው፦ ባለርስቶቹ ባርክማላም በሚሉት ጂም ጂም እና ጉንግኩርዱል በሚሉት ትዊን። ወሮቹን የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፣ ከሜልበርን፦ ለፋሲካ ዕረፍት በኤፕሪል ቤተሰቤን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ፎቶዎቹ ላይ ውሃው ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ ይታያል። ዝናቡ ገና እንዳባራ ብንደርስ እንደዚያ ሆኖ እናገኘዋለን? መንገዱስ ክፍት ይሆናል?

መልስ፦ መንገዱ ክፍት አይሆንም። ያዩዋቸው ፎቶዎችም ከአየር ላይ የተነሱ መሆን አለባቸው፤ ጂም ጂም እንደዚያ በሚወርድበት ጊዜ በመኪና ሥሩ የሚደርስ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ከዲሴምበር እስከ ማርች በአርነም ላንድ የአሸዋ ድንጋይ አምባ ላይ ይወርዳል። ከአምባው ጠርዝ ወደ 200 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወርና ፏፏቴውን ይሠራል። ያው ውሃ ታች ሲደርስ ወንዙን ከአፉ ያስወጣዋል፣ እርስዎ ሊነዱበት ያሰቡትን አሸዋማ መንገድም ይውጠዋል። ፏፏቴውን የሚያሳምረውና መንገዱን የሚዘጋው አንድ ውሃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማግኘት አይቻልም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መንገዱ በየሳምንቱ ይደርቃል፣ ፏፏቴውም በየሳምንቱ ይቀጥናል። መንገዱ ደረቀ ማለት ደግሞ ወዲያው ይከፈታል ማለት አይደለም። የፓርኩ ጠባቂዎች ጎርፉ የቆረጠውን መጠገን፣ የወደቀውን ዛፍ ማንሳት፣ ከውሃው ውስጥም አዞ መፈለግ አለባቸው።

በብዙ ዓመታት ጂም ጂም የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው። በሴፕቴምበር ገደሉ ላይ የሚታየው ክር የመሰለ ውሃ ነው፤ አንዳንዴም እሱም ይቆማል። ስለዚህ የእኛ ምክር አጭር ነው፦ በሩ ከተከፈተበት ቀን አንስቶ ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት ውስጥ ይሂዱ። ቢኒንጆች ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል፤ ይህ ጊዜ ዬጌ ከሚሉት ማብቂያ እስከ ዉርገንግ መጀመሪያ ያለው ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚያ በጋው ይጀምራል ብለው ቢይዙት አይሳሳቱም።

ትዊን የተለየ ነው። ምንጭ ስለሚመግበው ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፤ መንገዱ ግን ጥልቅ ውሃ ስለሚያቋርጥ ከጂም ጂም ዘግይቶ ይከፈታል፣ ጭራሽ ሳይከፈት የሚያልፍበት ወቅትም አለ። የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አስቀድመው አይቁረጡ። ፓርኩ በየጊዜው የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ መግለጫ ያንብቡ፤ በጉዞው ቀን ጠዋት ደግሞ ጃቢሩ ከተማ አጠገብ ያለው የቦዋሊ የጎብኚዎች ማዕከል ገብተው ይጠይቁ።

የተዘጋን በር በጎን ዞሮ ማለፍ ያስቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ለስላሳ መሬት ላይ የተቀደደ የጎማ ቦይ በቀጣዩ ዝናብ ወንዝ ይሆናል፣ የባለርስቶቹንም አገር ያበላሻል። ከበሩ ወዲያ መኪናዎ መሬት ውስጥ ቢቀበር ደግሞ የሚደርስልዎ መኪና አይመጣም። በኤፕሪል መሄድዎ ካልቀረ ከጃቢሩ ወይም ከኩዊንዳ በሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን ይዩት። ገንዘቡ ይከብዳል፤ ጂም ጂም ሞልቶ ሲወርድ የሚታየው ግን በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከፐርዝ፦ መኪናችን ኦል ዊል ድራይቭ ነው፤ አራቱም ጎማ ይነዳል። የመጨረሻውን 10 ኪሎ ሜትር ይችለዋል? ካልሆነ እዚያው ብንከራይስ?

መልስ፦ አይችለውም። ከካካዱ አውራ ጎዳና ተገንጥሎ እስከ ጋርናማር የድንኳን ሰፈር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነው፤ ይንጣል እንጂ ብዙም አያስቸግርም። ከጋርናማር ወዲያ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ግን ጥልቅ አሸዋ፣ ሥር የወጣበት ዳገትና የድንጋይ ደረጃ ያለበት ጠባብ መንገድ ነው። ፎር ሎው (አራቱን ጎማ በዝግታና በኃይል የሚነዳው ከባድ ማርሽ) የሌለው መኪና በአሸዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጎተት ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ክፍል ይግላል፤ ኮምፒዩተሩ እንዳይቃጠል ብሎ ያጠፋዋል። ያኔ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና ይዘው አሸዋ መሀል ቆሙ ማለት ነው። ሆዱ ዝቅ ያለ መሆኑም ሌላ ችግር ነው።

ኪራይን በተመለከተ፣ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። ብዙ ውሎች የጂም ጂምንና የትዊንን መንገድ በስም ጠርተው ይከለክላሉ። መኪናው ፎር ዊል ስለሆነ ብቻ ተፈቅዶልኛል ብለው አያስቡ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስመልሱ፦ ወደ ጂም ጂም መኪና ማቆሚያ መንዳት ይፈቀዳል ወይ? ውሃ የገባበት ሞተር በኢንሹራንሱ ይሸፈናል ወይ? ጎማ፣ ከመኪናው ሥር የደረሰ ጉዳት እና መገልበጥስ? በቃል "ችግር የለም" የሚል መልስ ኢንሹራንስ ፊት ዋጋ የለውም። ሦስቱም "አዎ" ካልሆኑ መኪናዎን ጃቢሩ አቁመው በአስጎብኚዎች የጭነት ዓይነት መኪና ይሂዱ።

ጥያቄ፣ ከዳርዊን፦ ወደ ትዊን ለመድረስ የጂም ጂምን ወንዝ መሻገር አለብኝ። መኪናዬ ስኖርክል (ለሞተሩ አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ) ተገጥሞለታል። ሁልጊዜ የሚመከረው "መጀመሪያ በእግርህ ገብተህ ለካ" የሚለው ነው። እዚህም ይሠራል?

መልስ፦ እዚህ አይሠራም። አዞ ባለበት ውሃ በእግር ገብቶ መለካት አይታሰብም፣ ውሃው ጉልበት ባይደርስም።

ስለዚህ መለካቱን ከቤት ይጀምሩ። ሜትር ይዘው ከመሬት እስከ ጎማው እምብርት፣ እስከ በሩ ደፍና እስከ መብራቱ ያለውን ከፍታ ይለኩና ይጻፉት። ከዚያ መኪናው ስንት ጥልቀት ያለው ውሃ መሻገር እንደሚችል ፋብሪካው የጻፈውን ልክ ይዩ፤ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 70 ባለ 700 ሚሊ ሜትር፣ ሬንጀር ባለ 800 ሚሊ ሜትር ናቸው። መልካው ላይ ሲደርሱ የጥልቀት ምልክት ካለ እሱን ያንብቡ። ከሌለ ወይም ካልታመነዎት ከውሃው ራቅ ብለው ቆመው ይጠብቁ፤ የእርስዎን የመሰለ መኪና ሲሻገር ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ይዩ። ሌላ መኪና ካልመጣና ጥልቀቱ ካልታወቀ ይመለሱ።

ለመሻገር ሲወስኑ መኪናውን አሥር ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግን ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር ፒስታ በኋላ ዲፈረንሻሉ ግሏል፣ ውስጡ ያለው አየርም ተለጥጧል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በዘይት መከልከያው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻው ቱቦ ወደ ላይ ካልተዘረጋ በእሱም በኩል ይጠጣል። ከጉዞ በኋላ የዲፈረንሻሉን መሙያ ብሎን ፈታ አድርገው ጣትዎን ያስገቡ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ወዲያው ይቀየር።

ቀጥሎ ኤሲውን ያጥፉ፤ አለዚያ የኤሌክትሪክ ቬንቲላተሩ ውሃ ውስጥ ሊነሳና ላሜራው ታጥፎ ራዲያተሩን ሊበሳው ይችላል። መስኮቶቹን ይክፈቱ። ፎር ሎው ያስገቡና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ፈጠን ብሎ እንደሚራመደው በ5 ወይም በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይሂዱ። ከመኪናው ፊት ትንሽ ሞገድ ይፈጠራል፤ ከኋላው ኮፈኑ ሥር ያለው ውሃ ዝቅ ይላል። ሞገዱን ቢቀድሙት ያጥለቀልቅዎታል፣ ቢዘገዩ ይመለስብዎታል። መሀል ላይ ማርሽ አይቀይሩ፤ ፍሪሲዮን በረገጡ ቁጥር በሳህኖቹ መካከል ውሃ ይገባል።

ሞተሩ መሀል ላይ ከጠፋ ቁልፉን አያዙሩ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ውሃ ያለበትን ሲሊንደር ሊገፋ ሲል ቢዬላው ይታጠፋል፤ በማድረቅ ብቻ ሊድን የነበረ ሞተር በአንድ ማስነሻ ያበቃለታል። መኪናው ውስጥ ሆነው በሬዲዮ እርዳታ ይጥሩ። ውሃው ወንበር ከደረሰ በመስኮት ወጥተው ጣራው ላይ ይቀመጡ እንጂ ዋኝቶ መውጣት አይሞከር።

ስኖርክሉን አይመኩበት። የሚጠብቀው የሞተሩን መተንፈሻ ብቻ ነው፤ እሱም መጋጠሚያዎቹ ከጠበቁ። ኮፈኑን ከፍተው ቱቦው ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ጋር የሚገናኝበትን ማሰሪያ በጣትዎ ነቅነቅ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ስኖርክል አለኝ አይበሉ። ማዶ ሲደርሱ ፍሬኑን ደጋግመው ቀስ እያሉ ይርገጡት፤ እስኪደርቅ አይዝም።

ጥያቄ፣ ከብሪዝበን፦ ጎማ ማስተንፈስ እንዳለብን ሁሉም ይነግረናል፤ ስንት እንደሆነ ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። ትክክለኛው ልክ ስንት ነው?

መልስ፦ አንድ ቁጥር የለም፤ መሬቱ ሲቀየር ልኩም ይቀየራል። ለተጫነ ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ አስፋልት ላይ ከ36 እስከ 40 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ)። ከአውራ ጎዳናው ሲገነጠሉ ከ26 እስከ 30፣ ፍጥነቱ ከ60 ወይም 70 ሳያልፍ። ከጋርናማር ወዲያ ከ18 እስከ 20፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች። ከተቀበሩ ብቻ 15 ድረስ ይውረዱ፤ በዚያ ልክ መሪውን በኃይል ካዞሩ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል።

የተነፈሰ ጎማ መሬት ላይ በርዝመቱ ይተኛል፤ አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ ይረግጠዋል። ድንጋይም ሲያገኝ እንደ ሊጥ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም። አደጋው የሚመጣው አንሶ እያለ ሲፈጠን ነው፤ ጎኑ በማጠፍና በመዘርጋት ብዛት ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ይለኩ፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ እንደገና ይለኩ። ከ4 ፒኤስአይ በላይ ከጨመረ ወይ አየሩ አንሷል ወይ ፍጥነትዎ በዝቷል። ኮምፕሬሰር ሳይዙ የሚያስተነፍስ ሰው ወደ አስፋልት መመለሻ የለውም፤ እዚያ ጥግ ላይ ጎሚስታ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ፒስታው እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው። መኪናውን እንደ ወንፊት ይነቀንቀዋል፤ አሞርዛተሩ ይግላል፣ ብሎን ይላላል። በየ30 ኪሎ ሜትሩ ቆመው የጎማ ብሎኖችን፣ የባትሪውን መያዣና የጣራውን ጭነት ይፈትሹ። ሲቆሙ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለው ይዩ። በዝናቡ ወቅት ከሰው በላይ የሚያድገው ሣር በጁን ደርቆ ይጠብቃል፤ ከማርሚታው ላይ የተጠመጠመ አንድ እፍኝ ሣር መኪናውን ሊያቃጥል ይበቃል። ረዘም ባለ ሽቦ ያውጡት፤ ማርሚታው ግሎ ስለሚሆን በጣት አይንኩ።

አሸዋ ውስጥ ፍሬን አይያዙ፤ ጎማው ፊት ለፊቱ ጉብታ ሠርቶ ያስቀርዎታል። ነዳጁን ለቀው መኪናው ራሱ ይቁም። መንቀሳቀስ ሲያቅተው ጎማውን አያሽከርክሩ፤ በመጡበት ቦይ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ አየር ይቀንሱ፣ እንደገና ይሞክሩ። ካልሆነ አካፋ፣ ከዚያ ከጎማ ሥር የሚገባ ሰሌዳ። መጎተት የመጨረሻው ነው። የሚታሰረውም ክብደት በተጻፈበት ጋንቾ ላይ እንጂ ተጎታች በሚታሰርበት ኳስ ላይ አይደለም። ኳሱ ተቆርጦ እንደ ጥይት ይወረወራል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ ሰው ሞቷል። ሲጎተት ሁሉም ሰው ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

ጥያቄ፣ ከዳርዊን፦ የስምንትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አሉኝ። ጂም ጂም ሥር ይዋኛል ይባላል፤ አዞውስ?

መልስ፦ እናት ሆነው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ፍርሃቱ የባሕር አዞ ነው፤ በጎርፉ ጊዜ ወንዝ ተከትሎ እስከ ፏፏቴዎቹ ሥር ይወጣል። ውሃው ሲቀንስ እዚያው የሚቀር አለ። ስለዚህ ጠባቂዎቹ በየዓመቱ ከመክፈታቸው በፊት ተንሳፋፊ ነገር ውሃው ላይ አስቀምጠው የጥርስ ምልክት ይፈልጋሉ፣ ሌሊት በባትሪ ዓይኑን ያስሳሉ፣ ወጥመድ ያጠምዳሉ። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ፓርኩም ራሱ ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ፓርክ ሌሊት ኩሬ ውስጥ የገባች ጎብኚ በአዞ ተገድላለች።

ደንቡ ይህ ይሁን፦ በዚያ ቀን በቦታው የተተከለው ምልክት ከሚፈቅደው ውጭ የትም እግር አይነከርም፣ መንገድ ዳር ባለ ወራጅም ቢሆን። ትዊን ጋ ዋና ክልክል ነው። ዓሣ ውሃ ዳር አይጸዳም፣ ዕቃ ውሃ ዳር አይታጠብም፣ ድንኳን ከውሃ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ።

ለልጆቹ የባሰው ፈተና የእግር መንገዱ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውሃው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ግን መኪና የሚያክል ቋጥኝ ላይ በእጅ እየተደገፉ መውጣትና መውረድ ነው። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይያዙ፤ ከልጆች ጋር ከዚያም ይበልጣል። ሰንደል ጫማ አይሆንም፤ ጣት የሚሸፍን፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉላቸው። በጠዋት ጀምረው ሙቀቱ ሳይበረታ ይመለሱ። ገደሉ ፀሐዩን ስለሚጋርደው የኩሬው ውሃ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ በላብ የሞቀ ልጅ ዘሎ እንዳይገባ ይያዙት።

ጥያቄ፣ ከሲድኒ፦ ስንቅና ዕቃ ስንት እንያዝ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ፣ ከታሰበው አንድ ቀን የሚበልጥ። ከጃቢሩ ጂም ጂም ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አሸዋ ላይ መኪናው ከለመደው ግማሽ ያህል ጨምሮ ስለሚጠጣ ነዳጅ ሞልተው ይነሱ። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የተሞከረ ክሪክ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ጣውላ ጋር፣ ቀዳዳ መድፈኛ፣ ኮምፕሬሰር፣ አካፋ። ስልክ አይሠራም። የሳተላይት ስልክ ወይም የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ ይከራዩ፤ የመኪና ሬዲዮዎን መንገድ ላይ ቻናል 40 ያድርጉት። የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ጽፈው ይተዉ፤ ሲመለሱም መደወል አይርሱ፣ ፍለጋ በከንቱ እንዳይወጣ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ እኔ የምነዳው ወደ ደቡብ ኦሞ ነው። ስለ ጎማና ስለ ወንዝ የምትሉት ማጎ ፓርክ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ የወንዙ ይሠራል፤ ኦሞም አዞ አለበት፣ መልካው ላይ በእግር አይገባም። ተጨማሪ ነገርም አለ፦ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላ የሚደርሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። ደረቅ የነበረ ወንዝ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ አይግቡበት። ወንዙ መሀል ላይም ሻይ ለማፍላት አይቆምም።

የጎማው ግን አይሠራም። ማጎ ያለው አሸዋ ሳይሆን ዋልካ ነው። የረጠበ ዋልካ ላይ አየር ቢቀንሱ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል፤ በጎማውና በመከላከያው መካከል ተጠቅጥቆም ጎማውን ያስቆመዋል። ሰንሰለትና ዊንች ያለው እንኳ እዚያ ያድራል። ዝናብ ከጣለ ጂንካ ቆዩ። ለአንድ ቀን ፀሐይ ከወጣ በኋላ መሬቱን በጫማችሁ ረግጣችሁ እዩ፤ ጭቃው ከሶሉ ጋር ተጣብቆ ከተነሳ ገና ነው።

ጥያቄ፣ ከአደሌድ፦ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለን፤ እንዲህ ያለ መንገድም ነድተን አናውቅም። ሌላ ፏፏቴ የለም?

መልስ፦ አለ። እዚያው ካካዱ ውስጥ ማጉክ አለ፤ ከአውራ ጎዳናው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ፒስታ፣ ከዚያ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል። ፎር ዊል ያስፈልገዋል፤ ግን ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ጭራሽ አስፋልት ከፈለጉ ከዳርዊን በስተ ደቡብ ሊችፊልድ ፓርክ ይሂዱ። ዋንጊና ፍሎረንስ ፏፏቴዎች ዘንድ ማንኛውም የቤት መኪና ይደርሳል፤ ዋንጊ በዝናቡ ወቅት ለዋና ስለሚዘጋ ምልክቱን ይዩ። መለማመድ ካሻችሁ ከዚያው ወደ ቲጄይኔራ ፏፏቴ የሚወስደው የፎር ዊል መንገድ አሸዋም የውሃ መሻገሪያም አለው፤ እሱም ከጁን በፊት ክፍት መሆኑ ሳይጠየቅ አይነሳም።